ሰዓቱ ልክ ነበር

አባቴ 70 ዓመት የሞላው ዕለት ሥጋውን የጠበስኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ «የዘንድሮውን ለእኔ ተዉልኝ» ብዬ የለመንኩት ራሴ ነኝ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን፣ አጥንቱ የወጣለት፣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ የበሬ ሽንጥ በኦቨን ጠብሼ ነበር፤ በጣም ተዋጣልኝ። 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ውስጡ ሮዝ፣ ወዙ ያልሸሸ፣ ጥርስ የማያደክም። ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ለልደቱ እንግዳ ስለሚበዛ ሦስት ኪሎ ገዛሁ። ያው የሥጋ ዓይነት፣ ያው አጠቀላለል፣ ያው ሲባጎ። ስሌቱም የሕፃን ስሌት መሰለኝ፤ ሥጋው እጥፍ ከሆነ ሰዓቱም እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተኩል። የስልኬን ማንቂያ ሞላሁ፣ የኦቨኑን በር አንዴም ሳልከፍት ጠበቅኩ፣ ማንቂያው እንደጮኸ በዚያችው ደቂቃ አወጣሁት።

ቢላው ገና ሲገባ አወቅኩት። በደንብ የበሰለ ሥጋ ለቢላ ይታዘዛል፤ ይሄኛው ግን እንደ ደረቅ ገመድ ክር በክር እየተበጠሰ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ። በውስጡ መቅረት የነበረበት ወዝ ትሪው ላይ ፈስሶ፣ ደርቆ፣ ጠርዙ ላይ ተቃጥሏል። አባቴ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለረጅም ጊዜ አኘከና «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀ። ማዕዱ እስኪነሳ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ።

ትሪውን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ ታላቅ አክስቴ ተከትላኝ ገባች። ምንም ሳትለኝ መከላከል ጀመርኩ። «ሰዓቱ እኮ ልክ ነበር፣ እቴቴ» አልኳት። ትሪውን ከእጄ ተቀብላ ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ሥጋውስ?» አለችኝ።

ይህች አንዲት ቃል ለወራት አልለቀቀችኝም። ቸልተኛ ብሆን ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ማታ ባበቃ ነበር። ረስቼው ቢሆን፣ ስልክ ሳወራ ቢያመልጠኝ፣ ይቅርታ ጠይቄ እተወው ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን በሕይወቴ ከሁሉ የበለጠ ተጠንቅቄ ያበሰልኩት ያን ቀን መሆኑ ነው። እያንዳንዷን ደቂቃ አክብሬአለሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት ገባ? ሰዓቱ ላይ። ሥጋውን ከገባበት እስከ ወጣበት ድረስ «እንዴት ነህ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

እጥፍ ሥጋ፣ እጥፍ ሰዓት

ጥፋቱን ለማግኘት ሁለቱን ሥጋዎች በሐሳቤ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር ያህል፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነበር። ሁለተኛው ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ሆነ፤ ውፍረቱ ግን ያው 10 ሳንቲሜትር ነው። ሥጋ ሻጩ አረዘመልኝ እንጂ አላወፈረልኝም። ይህን ሳስተውል ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር የት ላይ እንደከዳኝ ገባኝ።

ሙቀት ወደ ሥጋው መሀል የሚገባው በአቋራጭ ነው፤ ለመሀሉ ከሁሉ ቅርብ ከሆነው ጎን። የኦቨኑ ሞቃት አየር የሚነካው ውጭውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሙቀቱ ከንብርብር ወደ ንብርብር እየተቀባበለ መሄድ አለበት፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነውና ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። መሀሉ ከጎኑ 5 ሳንቲሜትር ርቆ ከሆነ ሙቀቱ የሚጓዘው 5 ሳንቲሜትር ነው። ሥጋው አንድ ስንዝር ይርዘም ሦስት ስንዝር፣ ያ መንገድ አይለወጥም። ለአባቴ ሥጋ የሚያስፈልገው ጭማሪ ቢበዛ 10 ደቂቃ ነበር። እኔ 75 ደቂቃ ጨመርኩለት።

ውፍረት ሲጨምር ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይጠብቀናል። የሚፈጀው ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ የሚያድገው በውፍረቱ ካሬ ነው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። 10 ሳንቲሜትር የነበረው 14 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ገበያ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብዙም የማይለይ ነገር፣ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንድ ኪሎ የነበረ ሥጋ ቅርጹን ሳይለውጥ በሁሉም በኩል አድጎ ስምንት ኪሎ ቢሆን ውፍረቱ እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ጊዜውም አራት እጥፍ እንጂ ስምንት እጥፍ አይደለም። ስለዚህ «በኪሎ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚለው ደንብ በአንድ መካከለኛ ሥጋ ላይ ተሞክሮ ልክ ቢሆን እንኳ ለትንሹ ያንሳል፣ ለትልቁ ይበዛል።

ይህን ያሰላሰልኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። በስታንፎርድ የቅንጣቶች ማፍጠኛ ማዕከል የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ዎልፍጋንግ ፓኖፍስኪ ለቱርክ ዶሮ ጥብስ የራሱን ቀመር አውጥቶ ነበር፤ ክብደቱን በፓውንድ ወስዶ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ኃይል አንስቶ (ኩብ ሥሩን በራሱ አባዝቶ)፣ ለ1.5 ማካፈል፤ መልሱ ሰዓት ነው። ክብደት በቀጥታ ሳይሆን በሁለት ሦስተኛ ኃይል መግባቱ ከላይ ያልኩት የካሬው ነገር ነው፤ ውፍረት በክብደት ኩብ ሥር ያድጋል፣ ጊዜ ደግሞ በውፍረት ካሬ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ የጠመጠምኩት ያለ ትምህርት ነበር፤ ክብደቱን በሚዛን አስመዝኜ ውፍረቱን ግን በጣቴ እንኳ አልለካሁም።

በኪሎ ተሰልቶ የሚሰጠውን ደቂቃ ጨርሶ ጣሉት እያልኩ አይደለም። ሥጋውን ስንት ሰዓት ላይ ኦቨን ውስጥ እንደማስገባ ለመወሰን ዛሬም እሱን አያለሁ። የማወጣበትን ሰዓት ግን አሳልፌ አልሰጠውም።

እንደተረሳ ያደረው ወርች

እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1814 የኖረ ቤንጃሚን ቶምሰን የሚባል፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ ተብሎ የሚታወቅ የሙቀት ተመራማሪ ነበር። ይህ ሰው ድንች ለማድረቂያ በሠራው መሣሪያ ሥጋ መጥበስ ይቻል እንደሆነ ለማየት የበግ ወርች አስገባበት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከታተለው። ምንም የለም። እሳቱ ደካማ ነው ብሎ ደመደመና ተበሳጭቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሰዓቱ ስለመሸ ወርቹን እዚያው መሣሪያው ውስጥ ተዉት። በነጋታው ለምሳቸው ሊያበስሉት ሲያወጡት በስሎ አገኙት፤ መብሰል ብቻ ሳይሆን ጣዕሙ ልዩ ሆኖ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሰውዬው አሳዘነኝ። ሊቅ ነው፣ መሣሪያውን የሠራው ራሱ ነው፣ ሦስት ሰዓትም ሳይታክት ቆሟል። የተሳሳተው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይበቃል ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። እኔም ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል ብዬ ወስኜ ነበር። እሱ ቀድሞ ተወው፣ እኔ ዘግይቼ አወጣሁት፤ በሽታችን ግን አንድ ነው።

ወርቹ ለምን እንደዚያ ሆነ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «ስንት ሰዓት?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ እንዳይኖረው የሚያደርገው ይህ ነው። ሥጋ ሲሞቅ 50 ዲግሪ አካባቢ ከፕሮቲኖቹ አንዱ መርጋት ይጀምራል፤ ሥጋው ጥሬነቱን ትቶ ጠበቅ ይላል። ከ60 እስከ 65 ባለው ውስጥ የሥጋውን ክሮች የሚጠቀልለው ኮላጅን የተባለ የጅማት ፕሮቲን ይኮማተርና ውሃውን እንደ ጨርቅ መጭመቅ ይጀምራል። ወደ 70 ሲጠጋ የቀሩት ፕሮቲኖች ይረጋሉ፣ ቀይነቱ ወደ ግራጫ ይለወጣል፣ ወዙ ወደ ትሪው ይወርዳል። እንደ ሽንጥ ያለ ለስላሳ ሥጋ ከ60 እስከ 70 ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው ሀብቱን የሚያጣው። በአባቴ ልደት ቀን ቴርሞሜትር ብሰካ ኖሮ ከ80 በላይ የማነብ ይመስለኛል።

ወርችና ፍሪምባ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ብዙ የሠራ፣ ብዙ የቆመ፣ ጅማት የበዛበት ሥጋ ነው። 63 ዲግሪ ላይ ብታወጡት ለጤና ምንም አይልም፤ ግን አይታኘክም። እዚያ ሥጋ ውስጥ ያለው ኮላጅን ጄላቲን ወደሚባል ለስላሳ ነገር መቅለጥ አለበት፤ ይህም ከ70 በላይ ሲሆን ይፋጠናል፣ 90 ሲደርስ ደግሞ በደንብ ይሄዳል፣ ያም ሆኖ ሰዓታት ይፈልጋል። ውሃው ይወጣል፤ የቀለጠው ጄላቲን ግን ቦታውን ይተካና ሥጋው ጎርሰው የማይጠግቡት ይሆናል። በዝቅተኛ ሙቀት ሲበስል ደግሞ 70 አካባቢ የሚገርም ነገር ይደርሳል፤ ቁጥሩ ቆሞ ይቀራል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። ኦቨኑ የተበላሸ ይመስላል። ሥጋው ላብ እያላበው ነው፤ ከላዩ የሚተነው ውሃ የሚገባውን ሙቀት ያህል ይዞ ይሄዳል። በፎይል ጥብቅ አድርጎ የጠቀለለው ሰው ትነቱን ይገታል፣ ቁጥሩም መንገዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ አሁን ሰው «ትልቅ ሥጋ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲለኝ መጀመሪያ የማስበው «የቱ ሥጋ?» ብዬ ነው። ለአንዱ ጥያቄው መቼ ላቁመው ነው። ለሌላው ምን ያህል ልታገሠው ነው።

ቁጥሩ የማይነቃነቅበት ሰዓት

ከልደቱ በኋላ ወደ ሦስት ወር ገደማ ትልቅ ሥጋ አልነካሁም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ እንግዳ በሌለበት፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን የበግ ታፋ ከነአጥንቱ ገዛሁ። ሽቦ ያለው ቴርሞሜትርም ገዛሁ፤ ጫፉ ሥጋው ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ቁጥሩ ከኦቨኑ ውጭ ይነበባል። አስቀድሜ በረዶ በተሞላ ውሃ ውስጥ ነክሬ ዜሮ ማለቱን አረጋገጥኩ። ከሁሉ ወፍራም በሆነው ቦታ ከጎን ሰካሁት፣ አጥንት እንዳይነካ መለስ አደረግኩት። ገፋ ሳበው እያደረግኩ ዝቅተኛው ቁጥር የሚነበብበትን ቦታ ፈለግኩ፤ መሀሉ እሱ ነውና። 5 ዲግሪ። ኦቨኑ 160።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። 6 ዲግሪ።

ቤቱ መሽተት ጀምሯል። ስቡ ይንቃቃል። በመስታወቱ ሳየው ውጭው መልኩን ቀይሯል፤ ዓይኔም አፍንጫዬም «እየበሰለ ነው» ይሉኛል። ቁጥሩ ግን ገና ከፍሪጅ የወጣ ሥጋ ነው የሚለኝ። አርባ ደቂቃ ሲሆን 12። እጄ ወደ ኦቨኑ ማዞሪያ ሄደ። እርግጠኛ ነበርኩ፤ እሳቱ አንሷል። ወደ 200 ከፍ ላድርገው።

እዚያ ላይ፣ እጄ ማዞሪያው ላይ እንዳለ፣ ቆምኩ። ያን ጊዜ ራምፎርድን አላውቀውም ነበር፤ ያስቆመኝ የአክስቴ ድምፅ ነው። «ሥጋውስ?» ሥጋው እየተናገረ ነበር እኮ። ከጎኑ 5 እና 6 ሳንቲሜትር ርቆ ያለው መሀል ገና ዜናው አልደረሰውም። ውጭው ሞቋል፣ ከውጭው ቀጥሎ ያለውም ሞቋል፣ ሙቀቱ እየመጣ ነው፤ እሳቱን ብጨምር ግን መሀሉን ማፍጠን ሳይሆን ዳሩን ማድረቅ ነው የምሠራው። በኃይለኛ እሳት የሚጠበስ ወፍራም ሥጋ መሀሉ ልክ በሆነ ሰዓት ዙሪያው ሁለት ጣት ግራጫ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እጄን አወረድኩ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የሆነብኝን ነገር እስካሁን በቃል ለማስቀመጥ ይቸግረኛል። ፈርቼ ነበር። ደብተሬ ላይ ቁጥር አልነበረም፣ ማንቂያ አልሞላሁም፣ ሥጋው ቢበላሽ የምጠቁመው ሰዓት የለኝም። ያኔ ነው ልደቱ ቀን ምን እንዳደረግኩ የታየኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚለውን ቁጥር የያዝኩት ሥጋው እንዲበስል ብቻ አልነበረም። ቢበላሽ እንዳልጠየቅም ነበር። «ሰዓቱ ልክ ነበር» የሚለው ንግግር ገና ሥጋው ሳይገባ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ቁጥሩን ስታዘዝ ኃላፊነቱን ለቁጥሩ አስረክቤ ነበር፤ አክስቴ በአንድ ቃል መልሳ ያስረከበችኝ እሱን ነው።

አንድ ሰዓት ሲሞላ 24። አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን 36። አሁን እየተራመደ ነው፤ በሃያ ደቂቃ 12 ዲግሪ። ወረቀት አወጣሁ። 60 ለመድረስ 24 ዲግሪ ይቀራል፤ በዚህ እርምጃ 40 ደቂቃ። ማንኛውም ሠንጠረዥ ሊሰጠኝ የማይችል ትንበያ ነበር፤ ምክንያቱም የተሠራው ከዚህ ታፋ፣ በዚህ ኦቨን፣ በዚህ ቀን ነው። የኦቨኔ ማዞሪያ 160 ሲል በእውነት 145 ይሁን 175 አይጨንቀኝም፤ በብዙ ቤት ማዞሪያውና እውነቱ ይህን ያህል ይለያያሉ። ታፋው እጅግ የቀዘቀዘ ይሁን ያልቀዘቀዘ፣ አጥንቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ሁሉም በዚያ እርምጃ ውስጥ ተቆጥሯል።

አንድ ሰዓት ከአርባ፣ 47። ሁለት ሰዓት፣ 57። ወደ መጨረሻው እርምጃው ትንሽ ዝግ ይላል። 58 ሲል አወጣሁት።

58 ላይ ያወጣሁበት ምክንያት ይህ ነው። ከኦቨን የወጣ ትልቅ ሥጋ መብሰሉን አያቆምም። ዳሩ ከመሀሉ በጣም ይሞቃልና ሙቀቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል፤ በ160 የተጠበሰ እንዲህ ያለ ታፋ 4 ወይም 5 ዲግሪ ይጨምራል፣ በ120 ቀስ ብሎ የበሰለ ከዚያ ያነሰ፣ በ220 የተለበለበ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። የእኔ ታፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ 63 ገባ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ የበሬ፣ የበግና የአሳማ ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪ እና ቢያንስ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ነው፤ ለተፈጨ ሥጋ 71፣ ለዶሮና ለቱርክ 74። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ያልተነካ ሥጋ ላይ ተሕዋስያን በአብዛኛው የሚቀመጡት ውጭው ላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን ውጭው ውስጥ ይገባል። እንደ አባቴ ልደት ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ የተጠቀለለ ሲሆንም የውጭው ክፍል ታጥፎ መሀል ሊገባ ስለሚችል፣ እኔ ለተጠቀለለ ሥጋ ከ63 በታች አልወርድም። ሮዝ የማይወድ ሰው 70 ድረስ ይሂድ፤ ወዝ እንደሚያጣ አውቆ ከገባበት ምርጫው የራሱ ነው።

ታፋውን ግማሽ ሰዓት አሳረፍኩት። ይህም ያስተማረኝ ነገር አለ። ሥጋ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ወዝ ይወፍርና ቢላ ሲገባ እንደ ውሃ አይፈስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው መክተፊያው ላይ ሲፈጸም ስንቴ አይቻለሁ፤ ሰው ሥጋውን ከእሳት እንዳወጣ ይቆርጥና የፈሰሰውን ወዝ በማንኪያ እየሰበሰበ መልሶ ያፈስበታል። ከዚያም በላይ ግን ማሳረፊያው የሰዓት መጋዘን ነው። ትልቅ ሥጋ በፎይልና በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ አንድ ሰዓት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቀድሞ የበሰለ ሥጋ ይጠብቃል፤ ያልበሰለ ሥጋ ግን እንግዳን ያስጠብቃል። ስለዚህ አሁን ከሚመስለኝ አንድ ሰዓት አስቀድሜ ነው የማስገባው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ሥጋን አስቀድሞ በኃይለኛ እሳት መለብለብ ወዙን ያሽገዋል የሚለው እምነት ዩስቱስ ፎን ሊቢህ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካስፋፋው ሐሳብ የመጣ ነው፤ ሲፈተን ግን እውነት ሆኖ አልተገኘም። የተለበለበ ሥጋም ወዙን ያፈሳል። መለብለብ የሚጠቅመው ለጣዕም ነው፤ ቡናማው ቅርፊት የሚመጣው ከ140 ዲግሪ በላይ፣ ላዩ ሲደርቅ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሥጋው ካረፈ በኋላ ኦቨኑ 250 ላይ ሆኖ 8 ወይም 10 ደቂቃ። ያኔ ላዩ ደርቆ ስለሚጠብቅ ቅርፊቱ ፈጥኖ ይይዛል።

እህቴ ደወለች

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ከሌላ ከተማ ደወለችልኝ። የባለቤቷ ቤተሰቦች ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ 6 ኪሎ ሃም፣ ማለትም የአሳማ ታፋ፣ ከነአጥንቱ ገዝታለች። «ስንት ሰዓት?» አለችኝ። የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«የበሰለ ነው ጥሬ?»

«ሃም ነው አልኩህ እኮ።»

«መለያው ላይ አንብቢልኝ።»

ይህ ጥያቄ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ልዩነት አለው። አብዛኛው ሃም ሲሸጥ በስሎ ነው የሚመጣ፤ ቤት የሚሠራው ማሞቅ ነው፣ መሀሉን ወደ 60 ዲግሪ ማድረስ። 163 ዲግሪ በሆነ ኦቨን እንደ እሷ ላለ ሙሉ ሃም በኪሎ ከ33 እስከ 40 ደቂቃ ይታሰባል፤ ለ6 ኪሎ ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ አራት ሰዓት። ጥሬ የአሳማ ታፋ ከሆነ ግን ማብሰል ነው፤ 63 መድረስና ማረፍ አለበት፣ በኪሎ ከ48 እስከ 57 ደቂቃ፣ በድምሩ ወደ አምስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። የእሷ የበሰለ ነበር። አስቀድሞ በስስ ተቆርጦ የመጣ አለመሆኑንም ጠየቅኳት፤ ያ ዓይነቱ በየስንጥቁ ወዙን ስለሚያጣ ካልተሸፈነ ቶሎ ይደርቃል። አልተቆረጠም።

ሁለት ሰዓት ላይ አስገቢው አልኳት። ትሪው ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከላይ ፎይል። ስኳርና ማር ያለበትን ቅባት መጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ላይ ብቻ፣ ቀድሞ ከተቀባ ይቃጠላልና። ቴርሞሜትር አላት፤ ለልደቷ የላክሁላት እኔ ነኝ፣ ማሸጊያው ግን ገና አልተከፈተም ነበር። የት እንደምትሰካው በስልክ አስረዳኋት፤ ወፍራሙ ላይ፣ ከአጥንቱ ራቅ አድርጎ።

«እሺ፣ ግን በትክክል ስንት ሰዓት ላይ ላውጣው?» አለችኝ።

«ስድስት ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ማለት ምን ማለት ነው? ሰዎች ይመጣሉ እኮ።»

ልቆጣት አልቻልኩም። በዚያ ጥያቄ ውስጥ ያለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። የባሏ እናት ፊት የምትቀመጥ እሷ ናት፤ እኔ አንድ ቁጥር ብሰጣት ቢያንስ «ወንድሜ ነው እንዲህ ያለኝ» ትላለች። ልሰጣትም አፌን ከፍቼ ነበር። «ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደውይልኝ» አልኳት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች፤ 24። አራት ሰዓት ላይ ደወለች፤ 34። «ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂ፣ በሩን አትክፈቺ» አልኳት። አራት ተኩል ላይ 43 አለችኝ፤ ድምፅዋ ተረጋግቶ ነበር፤ እርምጃውን ራሷ ቆጥራ «በዚህ ከሄደ ስድስት አይሞላም» አለችኝ። አምስት ሰዓት ላይ 51። ቅባቱን ቀቢውና ፎይሉን ክፈቺው አልኳት።

አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«60 አለ» አለች። «ግን ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።»

«ለማን ነው የሚቀረው?»

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው፣ ቀጥሎም የኦቨኑ በር ሲከፈት ሰማሁ።